ከፈተናው በኋላ ይነገራት

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ዛሬም አሜን አልኩ።

ጠዋት ትምህርት ከመጀመራችን በፊት የምትጸልየው ሳሮን ናት። እኔ ጉሮሮዬን ያመኛል ብያታለሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ እማዬን ባርክ፣ ፈተናዬን አቅልልልኝ፣ ታሜን በሰው አገር ጠብቀው፣ ስልክ የሚገዛበትንም ስጠው» ትላለች። ታሜ ወንድሟ ታምራት ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሞተ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። አብረውት የሚኖሩት፣ ከከተማችን ከሆሳዕና የሄዱ ልጆች እዚያው ቀበሩት። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሳሮን ብቻ አታውቅም። ለእሷ ታሜ የማይደውለው ስልኩ ተሰርቆበት ነው።

«አሜን» ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ።

ይህን የምጽፈው የልኬት ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከፊት በኩል የደንበኞቼ ወገብና ትከሻ ተመዝግቧል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ እኔ አለሁ። ቀን ቀን የማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት እውላለሁ። የማልናገረውን የሆነ ቦታ ካላስቀመጥኩት ማበዴ ነው።

«ከፈተናው በኋላ ይነገራት» ያሉት ጋሽ ሃንዲሶ ናቸው፣ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም። መርዶውን እንደሰሙ ከሆመቾ መጥተው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ሳሮን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የክልል ፈተና ይጠብቃታል። ታሜም የተሰደደው እሷን ላስተምር ብሎ ነበር። «እሱ ሄዷል፣ የእሷ ዓመት አብሮ መቀበር የለበትም» አሉ። ፈተናው ባለቀ ማግስት ንጋት ላይ መጥተው በወጉ ሊያረዷት ተስማሙ። እኔም ደግ አሰቡ አልኩ።

ትምህርት ቤት ብልካት በአንድ ቀን ትሰማለች፣ የክፍሏ ልጅ ግማሹ እዚያ ወንድም ወይም አጎት አለው። እግዜር ይስጠው ታይፎይድ ይዟት ነበር። «ሐኪሙ እስከ ፈተናው ቤት ትረፍ ብሏል» አልኳት። ዳይሬክተሩም ነገሩን ሰምተው ፈቀዱ። ስልኳንም «ለጥናት» ብዬ ቀማኋት። እናም አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሴትዮ የስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

የዛሬ ፕሮግራማችን፦

ጠዋት ሒሳብ። (እሷ ታስረዳኛለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።)
ረፋድ ላይ እንግሊዝኛ። (ሁለታችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን።)
ከምሳ በኋላ ማኅበራዊ ሳይንስ ብቻዋን ታነባለች፣ እኔ ሄጄ አለቅሳለሁ።

የታሜ ለቅሶ የተቀመጠው እህቴ ዘነበች ቤት፣ ጎፈር ሜዳ ነው። «ልኬት ልወስድ» ብዬ እወጣለሁ። ጥቁር ቀሚሴ በዘነበች በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። እለብሰውና ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን አውልቄው፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ አስተማሪነቴ እመለሳለሁ። ልጁ ሞቶበት በሰዓት የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።

አማረች ዛሬም ቆጮ ይዛ መጥታ ነበር። አንድ ቀን አልቀረችም። የእሷም ልጅ ታምራት ነው የሚባለው፣ ከልጄ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ትከሻዬን አቅፋ ትቀመጣለች። ዓይኗን ማየት አልችልም። ለምን እንደማልችል እዚህም ለመጻፍ ገና አልደፈርኩም።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር። ክብ ላይ ተጣብቀን ነበር። ሳሮን፣ «ዙሪያው ታውቆ ራዲየሱን ፈልጊ ይላል፣ አልገባኝም» አለች። ለካ ይህ ክሎሽ ቀሚስ ነው፣ ወገቡ ክብ ሆኖ የሚቆረጠው። በሕይወቴ ስንቱን ክሎሽ ቆርጫለሁ። ሜትር አውጥቼ ወገቧን ለካሁ፣ ስድሳ ስድስት። «እኛ ሰፊዎች ለስድስት እናካፍልና ግማሽ ሳንቲም እንቀንሳለን» አልኳት። አሥር ተኩል። እሷም በመጽሐፉ መንገድ፣ በሃያ ሁለት ለሰባት ሠራችው። አሥር ተኩል። እንዴት እንዳየችኝ! ዲግሪ የያዝኩ መሰለኝ።

ቀጥላ፣ «ለገና ስትሰፊልኝ ሰባ አንድ አልነበር?» አለችኝ።

«ያው ነው» ብዬ ሜትሩን ጠቀለልኩ። መክሳቷን አይቼ ልቤ ደንግጦ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ሳሙና ግዢ ብዬ ከድር ሱቅ ላክኋት። ብሩን ይዛ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ከድር ምን ሆኗል? ብር አልቀበልም አለ። ብስኩትም ጨመረልኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።»

ከድር ስልሳ ዓመት የሆነው የጉራጌ ነጋዴ ነው፣ እንኳን ብስኩት ሚዛን ላይ አንዲት ፍሬ ምስር አይጨምርም። በመጀመሪያው ቀን ዘነበች ቤት መጥቶ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ምን ብዬ ልቆጣው? «ሥራ ሠርቼለት ነበር፣ ለዚያ ይሆናል» አልኳት።

ከሰዓት ደግሞ ዘነበች አተካና ሠርታ ላከች። በዚህ በግንቦት! አተካና እኮ የመስቀል ምግብ ነው፣ ቡላው ከቅቤና ከአይብ ጋር ታሽቶ ዓመት ተጠብቆ የሚበላ። «ልጅቷ አቅም ታግኝ» ብላ ነው። ሳሮን ሳህኑን ብዙ ጊዜ አየችው። «ለምንድን ነው ሰው ሁሉ ደግ የሆነብኝ?» አለች።

«ታመሽ ስለተነሳሽ ነዋ።»

ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዘነበች ደወለች፣ ጓሮ ወጥቼ አወራሁ። «ከፈተናው በፊት እንዳታውቅ፣ ትሰበርብኛለች» እያልኩ ዞር ስል ሳሮን በሩ ላይ ቆማለች። የሰማች አልመሰለኝም። ውሃ ልትቀዳ ነው አለች፣ ቀድታም ገባች።

ከዚያ በኋላ ግን የሳይንሱን ጥያቄ ጠይቄያት ሦስቱን ሳተች። ትናንት የመለሰቻቸው ናቸው። እኔም ጮህኩባት። ወዲያው ጸጸተኝ፣ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።

ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ለቅሶው ጋ ሳልሄድ ቀረሁ። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ፣ የሚሰፋ ጨርቅ ሳይኖረኝ ፔዳሉን ስረግጥ ቆየሁ። ድምፁ ከፍ ሲል ትንፋሼ አይሰማማ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ነጭ ስኒከሯን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው።

ታሜ ባለፈው ዓመት ከዚያ የላከላትን ነው። ሳጥኑን እንኳ ያልጣለችውን። የጎረቤቴ ልጅ አድርጋው ስትሮጥ አየሁና ራሴን አላውቅም፣ ከልጅቷ እግር ላይ ላወልቀው ትንሽ ነው የቀረኝ። ሳሮንን ይዤ፣ «ወንድምሽ የላከውን! እንዴት ሰጠሽው?» እያልኩ ነዘነዝኳት። ድምፄ ከለቅሶ ቤት የመጣ ድምፅ ነበር፣ ለራሴ ተሰማኝ።

«እኔ ምን ያደርግልኛል» አለች።

ትዕቢት መሰለኝ። የጠገበች መሰለኝ። የእናት ዓይን ምንም አያመልጠውም ይላሉ፣ የእኔው ግን ታውሮ ነው የከረመው።

እሁድ፣ ሰኔ 1

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ቤተ ክርስቲያን ካልሄድን አራተኛ እሁዳችን ነው። እዚያ ብንሄድ ምእመኑ እኔን ሲያይ ያለቅሳል። እንደ ሰሞኑ ቤት ውስጥ አንድ ምዕራፍ አነበብን፣ ሳሮን ጸለየች። ፈተናዋን አላነሳችም። «ጌታ ሆይ፣ ታሜ ስልክ ያግኝና አንድ ጊዜ ድምፁን ልስማ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድህ ይሁን» አለች።

አሜኑ አልወጣልኝም። «ከዚያ በኋላ ምኑ?» አልኳት።

«እማዬ፣ አትደብቂኝ። አውቄያለሁ።»

ደነገጥኩ። ቀጥሎ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጀርባዬ ላይ የነበረ ሸክም የወረደ መሰለኝ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅኩት። ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። እሷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ሐኪሙ ትምህርት ቤት አትሂድ ማለቱን። ወገቧ አምስት ሳንቲም መቀነሱንና እኔ ያው ነው ማለቴን። ከድር ቀና ብሎ አለማየቱን። አተካናውን። ከሰዓት ከሰዓት ልኬት ብዬ ስወጣ አንድ ጨርቅ እንኳ ይዤ አለመመለሴን፣ ዓይኔ አብጦ መምጣቴን። ሐኪሞቹን ልለምን የምሄድ መስሏታል። ዓርብ ዕለትም በስልክ ያልኩትን ሰምታለች። «እንዳታውቅ፣ ትሰበራለች አልሽ። ታይፎይድ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አረጋገጥኩ» አለች። ስኒከሩንም አዲስ ሳለ የሚጠቀምበት ሰው ያግኘው ብላ ነው የሰጠችው።

ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ ልትሞት ስትዘጋጅ ከርማለች። ሒሳብ እየሠራች። እኔን እንዳታስለቅሰኝ ዝም ብላ።

ጋሽ ሃንዲሶን አላሰብኩም፣ ሽማግሌ አላሰብኩም። እጇን ያዝኩና ነገርኳት። «አንቺ ደኅና ነሽ። ምንም የለብሽም። የሞተው ታሜ ነው» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

«እኔ አይደለሁም?» አለች።

ፊቷ በራ። አየሁት። አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስኪሳብ ያህል ነው፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ከንፈሯ ሊስቅ ከጅሎት ነበር። ወዲያው ያልኩት ሁሉ ደረሳት። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እንደያዘችው ቀረች፣ አላለቀሰችም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አልበላችም። አልጸለየችም። ደብተር አልነካችም። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

ጋሽ ሃንዲሶ ወሬው ደርሷቸው ከሆመቾ በጠዋት መጡ። በር ላይ ቆመው፣ «ሽማግሌ የቆረጠውን አንቺ ብቻሽን ታፈርሻለሽ? መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው ሳይሰበሰብ፣ የሚደግፋት ሳይኖር?» አሉኝ። ተቆጥተዋል። እኔም ተቆጥቼ ነበር፣ ግን ማልቀስ ቀደመኝ። ሳሮን ምን መስሏት እንደከረመ ነገርኳቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «የእኔ አባት የሞተ ጊዜም ከብት ሸጬ እስክመለስ ደብቀውኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለእኔ መልካም ነበር።»

ከዚያ ገብተው ከአልጋዋ አጠገብ ቆሙ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእናትሽ እንዳትቀየሚ» አሏት። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ለልጅ ጥፋቴ ነው ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሮን እጃቸውን ሳመች።

ከሰዓት አጠገቧ ተኛሁ። ግድግዳውን እያየች፣ «ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ታሜ ሞቷል ስትዪኝ ደስ አለኝ። አይተሽኛል።»

«ስለ ራስሽ ነው እንጂ በእሱ አይደለም።»

«ያው ነው። እሱ የሄደው ለእኔ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ እሱ በመሆኑ ደስ አለኝ። አሁን ተነስቼ ፈተና ልቀመጥ? በምን ፊቴ? ለማልቀስ እንኳ አፈርኩ።»

የምመልስላት ነበረኝ። መልሱን ግን ለመናገር እኔም እንደ እሷ አፈርኩ። ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ነገርኳት። ለአማረች ልነግራት ያልቻልኩትን፣ ለፓስተሩ ያልነገርኩትን።

ያን ቀን ማሽን ላይ ነበርኩ። ቁጥሩ የደቡብ አፍሪካ ነው፣ ድምፁን አላወቅኩትም። መስመሩ ይቆራረጣል። «ታምራት አደጋ ደርሶበት ዐርፏል» አለና ተቋረጠ። መልሶ እስኪደውል አምስት ደቂቃ ያህል ሆኗል። በዚያ አምስት ደቂቃ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጸለይኩ። የጸለይኩት፣ «ጌታ ሆይ፣ የአማረች ይሁን» ብዬ ነው። ሌላኛው ታምራት። ሲታጠብ ያየሁት፣ ቤቴ ሽሮ የበላ ልጅ። ስሙን ከነእናቱ ጠርቼ እሱ ይሙት ብዬ ለመንኩ። ስልኩ መልሶ ሲጮህም ያንኑ እያልኩ ነበር።

«ጉሮሮዬን አይደለም የሚያመኝ» አልኳት ለሳሮን። «ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ አፌ እግዚአብሔርን ልጠራ አፍሬ ነው። አማረች መጥታ ስታቅፈኝ ልሞት እደርሳለሁ።»

ዞራ አየችኝ። ከእሁድ ወዲህ ዓይኔን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«እግዚአብሔር ያን ጸሎት ሰምቶት ይሆን?»

«ይሰማል እንጂ፣ ሁሉን ይሰማል።»

«ተቆጥቶሽ ይሆን?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። «ግን አማረችን በየቀኑ ይልክልኛል።»

ይህን ለማጽናናት አስቤ አልተናገርኩትም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ራሴም የሰማሁት። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቅጣት መስሎኝ ነበር የሴትዮዋ መምጣት።

ሳሮን ተነስታ ተቀመጠች። «አንቺም እንደኔ ነሽ ማለት ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አንቺ ታሜን ትወጂው የለም?» አለችኝ። «እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው» አልኳት። «እንግዲያው እኔም እወደው ነበር ማለት ነው» አለች። ያን ጊዜ ነው ሁለት ቀን ስትታገል የከረመችው ምን ላይ እንደሆነ የገባኝ። አይ ልጄ። እንዳልወደደችው ነበር የፈራችው።

ከዚያ ጸለየች፣ አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እኔ በመትረፌ ደስ ስላለኝ ይቅር በለኝ። እማዬንም ስለዚያች ጸሎት ይቅር በላት። ነገ ፈተና ነው፣ ሂሳቡን አግዘኝ።» የታሜ ስም የሚመጣበት ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ምን እንደምትል አላወቀችም። እኔ ቀጠልኩ። «ታሜንም ስለሰጠኸን» አልኩ። ድምፄ እንደ ዛገ ማሽን ነው የወጣው። ያልሰጠን ይመስል ነበር እስከዛሬ ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፍኩት፣ ሃያ አራት ዓመት እኮ ሰጥቶኛል። አልበቃኝም። አልበቃኝምም ብዬ ነገርኩት። ሁለታችንም አሜን አልን።

ሳሮን ሁለት ነገር ወሰነች። ፈተናውን ትቀመጣለች። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ ለቅሶው ከአክስቷ ቤት ወጥቶ ወደ ቤታችን ይመጣል። «ወንድሜ በሰው ቤት ለምን ይለቀሳል?» አለች። ለጋሽ ሃንዲሶ ደወልኩ። «እሷ ካለች ይሁን» አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ከመፈተኛው ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆሜ ነው። እናቶች ዣንጥላ ይዘን ተደርድረናል። ማንም አላናገረኝም፣ ግን አንዷ ዣንጥላዋን ወደ እኔ አዘንብላለች።

ያሳሰበኝ፦ ቁርስ አልበላችም። እርሳሷ አንድ ብቻ ነው። በመካከል ታሜ ትዝ ቢላትስ? ጓደኞቿ በር ላይ አንገቷን አቅፈው አልቅሰውባታል፣ ዓይኗ አብጦ ነው የገባችው።

ስትወጣ፣ «እንግሊዝኛው ከበደኝ። ለሂሳቡ ደኅና ነኝ» አለች። ቤት ገብታ ለነገ ማንበብ ጀመረች፣ እኔም ጥያቄ ጠየቅኳት።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ትናንት ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም።

የመጨረሻውን ፈተና ትናንት ጨርሳ ስትወጣ በእግር እንሂድ አለች። ጭቃ ነው፣ ግን እሺ አልኳት። በመንገድ ላይ ስለ ክቡ ጥያቄ ነገረችኝ። መጀመሪያ በእኔ መንገድ ሠርታ፣ ከዚያ በመጽሐፉ ብታመሳክረው አንድ ዓይነት ሆነላት። ሳቅኩ። ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩና አቋረጥኩት። እሷ ክንዴን ያዘች፣ አልወቀሰችኝም።

ማለፏን አላውቅም። ውጤቱ እስኪመጣ ክረምቱ አለ። እግዚአብሔር ታሜን ለምን እንደወሰደብኝም አላውቅም፣ ገና ብዙ የምጠይቀው አለኝ። ግን እንግዲህ ራሴ እጠይቀዋለሁ፣ በሳሮን አፍ አይደለም።

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ድንኳኑን አየችው። የእድሩ ሰዎች በራችን ላይ ተክለውታል፣ ጋሽ ሃንዲሶ ካስማውን ይዘው ቆመዋል። ከድር ሱቁን ዘግቶ አግዳሚ እየተሸከመ ነው። አማረች ከሴቶቹ ፊት ናት። ሳሮን ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልቅሺ ያላት የለም። «ታሜ» ብላ ጮኸች፣ «ታሜ፣ ወንድሜ፣ ታሜ» እያለች ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወደ ድንኳኑ ሮጠች። ተከትያት ሮጥኩ። እኔም «ታሜ» አልኩ፣ በገዛ ደጄ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ስሙን አብራኝ የምትጠራ ልጅ አለችኝ።